የሽማግሌው ክራንቻ

ሰሞኑን ከጌም ዓለም ከሰማሁት ወሬ ሁሉ ደስ ያሰኘኝ አንድ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ስንት ዓመት ሙሉ አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው ያ ትልቅ ጌም እንደገና ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ወሬ ነጋሪው፣ ያ ባለ ቆቡ ሰውዬ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። ከቪዲዮው ሥር አስተያየት የሚጽፈው ሕዝብ ተንጫጫ፣ ተራገመ። እኔ ግን ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ተመቻቸሁ። ያን ሁሉ ሠራተኛና ያን ሁሉ ገንዘብ ይዘው እነሱም መጨረስ አቃታቸዋ።

እኔም አልጨረስኩም። ቀን ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ፤ ከጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በጀሶ አቧራና በቀለጠ ሰም ሽታ መሀል። ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ጌም እሠራለሁ። እሠራ ነበር ማለት ይሻላል። ባሕር ሥር ያለች ከተማ ናት። ከተማዋ ትልቅ በር አላት፤ በሩ ላይ ከደረስኩ ወዲህ ወራት አለፉ። ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፣ የበሩን ቀለም ትንሽ አጠቁረዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ አነጣዋለሁ፣ እዘጋለሁ። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ እኔ ራሴ አላውቅም።

የገዛ ሥራው እምቢ ያለው ሰው የሌላ ሰው ወሬ ይወዳል። ስለዚህ ከሥራ እንደገባሁ ባለ ቆቡን ከፍቼ አያለሁ። የጌም ዋጋ ሊጨምር ነው አለ፤ ይጨምር፣ የማልገዛበት ሰበብ አገኘሁ። አንድ ትልቅ ኩባንያ ሠራተኞቹን በገፍ አሰናበተ ሲል ከንፈሬን መጠጥኩ፤ ከልቤ ነበር። ወዲያው ግን እነዚህ ሁሉ ባለሙያዎች ሥራ ፈትተው ቤታቸው ከዋሉ የየራሳቸውን ጌም መሥራት ይጀምራሉ፣ ምን ልሆን ነው ብዬ ተጨነቅሁ። የድሮውን ጌም ደግሞ ቀለም ቀብተው እንደ አዲስ እየሸጡልን ነው። እኔ የአንዱን ሰው ጥርስ አጥቤ ለሌላው ብሸጥ ምን እባል ነበር? ከዚያ ጡረታ የወጣች አንዲት ነርስ በመጀመሪያ ሙከራዋ የሠራችው ጌም ዓለምን አስደሰተ ተባለ። እሷን እንኳ አልማርኳትም። ጡረታ ስወጣ የሚሆንልኝ ከሆነ እስከዚያ ለምን እለፋለሁ አልኩ።

«ደግሞ ማን ምን አደረገሽ?» አለች እማዬ። ሁልጊዜ አጠገቤ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

«ምንም።»

«ፊትሽ ተቋጥሯል እኮ።»

እማዬ ስትናገር ከፊት ያለችው አንዷ ጥርሷ ትንሽ ዘመም ብላ ትታያለች። ጥርሱን የሠራሁላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እንደ ዕንቁ የተደረደረ፣ ሰው ሁሉ የሚመኘውን ዓይነት ሠርቼ ሳመጣላት በመስታወት አየችውና፣ «ይሄ የማን አፍ ነው? የኔ ዘመም ያለች ነበረች፣ መልሺልኝ» አለችኝ። መለስኩላት። ዛሬም ድረስ ያንን ጥርስ ያህል አምሮልኝ የወጣ ሥራ የለኝም።

እንግዲህ ሐኪሙ ሌላ ክሊኒክ ሊከፍት ነው። የዚያን የማታ ሥራ አንቺ ያዢው አለኝ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደዚያ ሄጄ እስኪዘጋ መሥራት ማለት ነው።

«እስከ ወሩ መጨረሻ መልስሽን አሳውቂኝ» አለኝ። «መቼም ማታ ቤት ገብተሽ የምትሠሪው ነገር የለም።»

«የምሠራው አለኝ» ማለት ነበረብኝ። ምን አለኝ ልበለው? በር እቀባለሁ? እሺ ካልኩት ያቺ ከተማ እዚያው ባሕር ሥር ሰምጣ እንደምትቀር አውቃለሁ፤ ራሴን አላታልልም። እምቢ እንዳልል ደግሞ ምን ይዤ? ይሄን እያብሰለሰልኩ ነው ባለ ቆቡ ያንን ወሬ ያመጣው።

«የዚህ ዓመት ምርጥ ትንሽ ጌም ተብለው ከታጩት መሀል» አለና አንድ ሥዕል አሳየን። የመኪና ማቆሚያ በር። አንዲት ጠባብ የጥበቃ ክፍል። ከፍ ዝቅ የሚል ማገጃ ብረት። የጌሙ ስም «ማገጃው»። ከሥር የሠሪው ፎቶ ወጣ። አዝጋሚው ነው።

አዝጋሚው ማለት አብሮ አደጌ ነው። የሰፈራችን ጌም ቤት ውስጥ ነው ሁላችንም ያደግነው፤ ስማችንም የወጣው እዚያው ነው። እሱ አንድ ደረጃ ለማለፍ ሲያዘግም ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ስለሚጮህበት አዝጋሚው ተባለ። እኔ ደግሞ ሳላይ ሳልሰማ ስለምሮጥ ሚሳይሏ። ካደገ በኋላ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ተቀምጦ ማገጃ ከፍ ዝቅ ማድረግ ሥራው ሆነ። ስለዚያ ጌም ልሠራ ነው ሲለኝ፣ «ብረት ከፍ ዝቅ ሲል ማን ቁጭ ብሎ ያያል?» ብዬው ነበር። ለካ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያል።

«አዝጋሚው ነው?» አለች እማዬ አንገቷን አስግጋ። «ያ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ የሚመሽበት ልጅ?»

«እሱ ራሱ።»

«ጎሽ፣ ልጄ። ደውለሽ እንኳን ደስ ያለህ በይው እንጂ።»

«እማዬ፣ እባክሽ።»

አልደወልኩም። ቅናት ጨጓራዬን ላጠው። የድሮ ጓደኞች አንድ የስልክ ግሩፕ አለን፤ እንኳን ደስ ያለህ፣ ኮራንብህ እየተባለ ይጎርፋል። እኔ አነባለሁ፣ ዝም እላለሁ። በዚያው ማታ ጌሙን ዳውንሎድ አደረግሁት። ለመጫወት አልነበረም። እንከን ልፈልግለት ነው። እንከን ፍለጋ ሙያዬ ነው፤ የፀጉር ያህል ከፍ ያለች ጥርስን ጣቴ ትለያታለች።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ተቀመጥኩበት። ጨዋታው ይኼው ነው፦ በሩ ላይ ትቀመጣለህ፣ መኪና ይመጣል፣ ማገጃውን ታነሳለህ። ሹፌሩ ሲያልፍ አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል። ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው፣ አይታይም። አንዷ ዛሬ ልጄ ታሟል ትልሃለች፤ በማግሥቱ ስትመጣ ሳታስበው ልጅሽ እንዴት አደረ ማለት ያምርሃል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ አለ፣ አሮጌ መኪና ይነዳል፣ ምንም አይናገርም። እንከን አጣሁ። ድብን አልኩ። መጥፎ ቢሆን ኖሮ እኮ እወደው ነበር።

እሁድ ከሰዓት መጨረሻው ላይ ደረስኩ። የሥራው ቀን አልቋል፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርቷል፤ «ማገጃውን ዝቅ አድርገህ ወደ ቤትህ ሂድ» ይላል። መጫን አቃተኝ። ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ ስክሪኑን አየሁት። እንዴት እሱ? እኔ ከተማ ሙሉ አስቤ በሩን እንኳ መክፈት ያቃተኝ ሴትዮ፣ እሱ በአንድ ብረት? ይሄንኑ ሳመነዥክ፣ ሳመነዥክ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እማዬ አንዴ ገብታ አይታኝ ወጣች።

ድንገት ጌሙ ውስጥ ያለው መብራት ተራ በተራ ጠፋ። ምንም አልነካሁም። ያ የማይናገረው ሽማግሌ ከመኪናው ወረደ፣ ወደ ጥበቃ ክፍሏ መጣ፣ አንድ ኩባያ ሻይ መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ሳቀ። በጌሙ ውስጥ ፊቱን ያየሁት የመጀመሪያ ሰው ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልዋሽም። ከዚያ ጥርሱን አየሁት።

ክራንቻ የለውም። ከዳር እስከ ዳር እኩል፣ ልክ እንደ አጥር፣ ሁሉም የፊት ጥርስ። በዚያ ላይ የሕፃን ጥርስ ያህል ነጭ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ አፍ ያለው ሰው እኔ ካልሠራሁለት በቀር የለም። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። አገኘሁህ አልኩ በሆዴ።

ስልኬን አንስቼ ግሩፑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እንኳን ደስ ያለህ። ጌምህን ገና አልከፈትኩትም፣ ሥራ በዝቶብኛል። በነገራችን ላይ፣ መጨረሻ ላይ የሚስቀው ሽማግሌ ክራንቻ የለውም፣ አስተካክለው።» ደግሜ አነበብኩት። ከሌላ ሰው የሰማሁ ይመስላል፣ ጥሩ ነው ብዬ ላክሁት።

ከዚያ ፋርማሲ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ጻፈች። «የቱ ሽማግሌ?»

«እኔ ደጋግሜ ጨርሼዋለሁ፣ የሚስቅ ሰው የለበትም» አለ ሌላው።

የአክስቴ ልጅ ቀጠለች፦ «ደግሞ ሚሳይሏ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጌም አካውንትሽ ላይ ከስምሽ ጎን “ማገጃውን በመጫወት ላይ” ይላል እኮ። ክፍት ትተሽው የወጣሽ መስሎኝ ልነግርሽ ነበር።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ጌም ስጫወት የኖርኩ ሰው፣ ጓደኛ ሁሉ ምን እንደምጫወት እንደሚያይ እረሳለሁ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስልኬን ትራስ ሥር ከተትኩት። ትራሱ ሥር ሆኖ ጠራ። አዝጋሚው ነው። አላነሳሁም። ሰኞም ደወለ፣ አላነሳሁም።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ክፍሌ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሲጠርግ አየሁት። ጫማ ለመጥረግም ጊዜ ይፈጃል።

«ስልክ አታነሺም» አለኝ።

«እጄ ጀሶ ነው።»

«ከእሁድ ጀምሮ?»

ጥግ ያለችውን ዱካ ስቦ ተቀመጠና መደርደሪያ ላይ የተደረደሩትን የጀሶ አፎች አንድ በአንድ አያቸው። ሊሰድበኝ ነው የመጣው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ፣ «ያንን መጨረሻ እስካሁን ማንም አላገኘውም» አለ።

«እንዴት ማንም?»

«ማንም። ሰው አይጠብቅማ። ቁልፉን ይጫንና ይሄዳል። ሌላ መጨረሻ አለው ወይ እያሉ የጌም ወሬ ላይ ሳይቀር ተከራክረዋል፤ የለውም ብለው ተስማሙ። በሚቀጥለው አፕዴት ልሰርዘው ነበር።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ እንዴት አገኘሽው? አንቺ እኮ በሕይወትሽ ጠብቀሽ አታውቂም።»

ብልኃቴ ነው ልለው ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከግሩፑ በኋላ ደግሞ ሌላ ውሸት የምሸከምበት ትከሻ አልነበረኝም።

«ቀንቼ ነው» አልኩት። «ቁጭ ብዬ ስቀናብህ መብራቱ ጠፋ።»

አዝጋሚው ዝም አለ። የሱ ዝምታ ረጅም ነው፤ እኔ በመሀል አንድ የጀሶ ቅርጽ ፈልቅቄ አጽድቼ ጨረስኩ።

«ያንን የባሕሩን በር ያሳየሽኝ ቀን» አለ በመጨረሻ፣ «ቤት ገብቼ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። እንደዚያ አድርጌ መሳል እንደማልችል ገባኝ። በር ትቼ ማገጃ የሠራሁት ለዚህ ነው። ማገጃ አንድ ብረት ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?»

እሱም እውነቱን ነው። ሆዴ ቀለል አለው፤ ግን ቅናቱ ነቅሎ የወጣ እንዳይመስላችሁ። እሱ በኔ ቀንቶ ሠራ፤ እኔ በሱ ቀንቼ ተቀመጥኩ። ይሄ ደግሞ ባሰ።

«ጥርሱን ሥሪልኝ» አለኝ። «መጨረሻውን አልሰርዘውም። ስምሽንም አስገባለሁ።»

«ጥርሱን እሠራዋለሁ። ስሜን እንዳታስገባ።»

«ለምን?»

«እንዳታስገባ አልኩህ።»

የኔ ስም መጀመሪያ መውጣት ያለበት በኔ ጌም ላይ ነው። የሱ ጌም ጅራት ላይ ተንጠልጥዬ መታየት አልፈለግኩም። ጨዋ ናት፣ ስሟን አልፈለገችም ብሎ የሚያስብልኝ ካለ ተሳስቷል።

መሥራቱን ግን ወደድኩት። ከመደርደሪያው አንድ የለመድኩትን አሮጌ ሞዴል አወረድኩና በሰም ጀመርኩ። ጫፉ በዕድሜ የተበላ፣ ቀለሙ ሻይ ያየ፣ ክራንቻው ደንደን ያለ፣ ከፊት አንዷ ዘመም ያለች። በሰም ከጨረስኩ በኋላ ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳሁና ቤት ሄጄ በኮምፒውተር ሣልኩት። እማዬ እራት ቀርቧል ብትለኝ አልሰማሁም። ስንት ወር በር ስትቀባ የከረመች እጅ ያለ ንትርክ ሠራች። ልኬለት ስተኛ ነው አንድ ነገር ጀምሬ መጨረሴ ትዝ ያለኝ።

አፕዴቱ ወጣ። አዝጋሚው «ጠብቁ» ብሎ አንድ ቃል ጽፎ ስለነበር ሰው ጠበቀ፣ ሽማግሌውንም አገኘው። ለሐኪሙ መልስ የምሰጥበት ቀን ዋዜማ ላይ ባለ ቆቡ ስለዚያ ሲያወራ እማዬም አጠገቤ ነበረች።

«እንዲህ ያለ ሳቅ ጌም ውስጥ አይቼ አላውቅም» አለ። ቆቡን እንኳ አወለቀ። «ያቺን ዘመም ያለች የፊት ጥርስ እዩልኝ። ይህ ሰው ጥርስ ሳይቀር አጥንቷል። ሽልማቱ ለሱ ካልተሰጠ ለማን ሊሰጥ ነው?»

ይህ ሰው። አጥንቷል። ለሱ። ስሜን እንዳታስገባ ያልኩት እኔው፣ አሁን በገዛ እጄ ሥራ ቀንቼ የምንገበገብ እኔው። ከዚህ በላይ ቅናት አለ ወይ? በራሴ ቀናሁ እኮ።

እማዬ ሹራቧን አስቀምጣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «እስቲ መልሰሽ አሳዪኝ።»

መልሼ አሳየኋት። ሽማግሌው ሳቀ። እማዬ ጣቷን አፏ ውስጥ ሰድዳ ጥርሷን ነካች፣ እንደገና ስክሪኑን አየች።

«ይሄማ የኔ ጥርስ ነው።»

እኔም ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። ያወረድኩት ሞዴል የሷ ነበር። እጄ የሚወደውን መርጦ ሳያማክረኝ ሠርቶታል።

«ሰው ሁሉ እያየው ነው?» አለች።

«ሰው ሁሉ።»

«ባለጌ። ሳታስፈቅጂኝ።» ግን ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች፤ ደስ ብሏታል። ትንሽ ቆይታ፣ «የሱ ሽማግሌ በኔ ጥርስ ይስቃል» አለች። «ያንቺ በር ላይስ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«ታዲያ ማን ይክፈተው?»

ሹራቧን አነሳች። እሷ ቀላል ነገር የጠየቀች መስሏታል። እኔ ግን በሩን ስቀባና ስፍቅ ስከርም በዚያች ከተማ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አስቤ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ድንጋይ አለ፣ አሣ አለ፣ ዓምድ አለ። አዝጋሚው ግን አንድ ብረት አቁሞ ሰው አሳለፈበት።

ባለ ቆቡን ዘጋሁትና ፋይሌን ከፈትኩ። ቀለሙን አልነካሁትም። በሩ ጎን አንዲት ዱካ ሣልኩ፣ ዱካው ላይ ሹራብ የምትሠራ አሮጊት አስቀመጥኩ። ተጫዋቹ መንገደኛ ሆኖ መጥቶ በሩን ሲገፋ ቀና ብላ ታየዋለች፣ በዚያች ዘመም ባለች ጥርሷ ትስቅና፣ «አልተቆለፈም፣ ሳበው» ትለዋለች። ጆይስቲኩን አንስቼ ራሴ ሞከርኩት። ሳብኩት። በሩ ተከፈተ። ወዲያ በኩል ገና ምንም የለም፣ ጨለማ ውሃ ብቻ ነው፤ ግን አሁን የማን ቤት ቀድሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አጭር ቪዲዮ ቀርጬ፣ አንድም ቃል ሳልጨምር፣ ለአዝጋሚው ላክሁለት።

ጠዋት ሐኪሙ ጋ ገባሁ። ጓንቱን እያጠለቀ ነበር።

«የማታውን አልችልም፣ ዶክተር። ማታ ማታ ሥራ አለኝ።»

«ሥራ? የት?» አለኝ ቅር ብሎት። ሌላ ክሊኒክ የቀጠረኝ ሳይመስለው አልቀረም።

«ቤቴ። የራሴ ሥራ ነው።»

ከዚህ በፊት ለማንም ሥራ ነው ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀና እኔ ካልሆንኩ ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። ይፈልግ። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ሰሙን አቀለጥኩ።

ከአዝጋሚው መልስ የለም። ቪዲዮውን እንዳየው ስልኬ ይነግረኛል፤ አይቶ ዝም ብሏል። አልወደደውም ማለት ነው አልኩ። ወይም ትንሽ ነገር ሆኖበታል፣ ለሽልማት የታጨ ሰው ነው። ጠዋቱን ሙሉ አንድ ጥርስ ሦስቴ ፈታሁ፣ ሦስቴ ገጠምኩ። በምሳ ሰዓት እጄን ታጥቤ ምሳዬን ስከፍት ስልኬ ላይ የአዝጋሚው መልእክት ገባ።

«ትናንት እራቴን አልበላሁም» ይላል።

እኔ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።